አውራ ጎዳናና የቡና ንግድ

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ትቶት የሄደው የመኪና መንገድ ጠጋኝ በማጣቱ በጥቂት ክረምቶች ተበላሸ። የጅማ ቡና የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲሰነብት፣ የማጓጓዣው ወጪ ለገበሬው ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ይቀነስ ነበር። ስለዚህ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ፣ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። አሜሪካውያን መሐንዲሶች ሥራውን እየመሩ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ። ከባለሥልጣኑ ተግባሮች ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው፣ ጥገናን የመንግሥት ቋሚ ሥራ ማድረጉ ነው፤ ድልድይ ሲመረቅ እልል ይባላል፣ ለቦይ ጠረጋ ግን ማንም አያጨበጭብም። ሆኖም ዋናዎቹ መስመሮች ከአዲስ አበባ ወደ ጠረፍ ሲዘረጉ መጋቢ መንገዶች ወደ ኋላ ቀሩ። ቡናውም ከጓሮ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ገና ለብዙ ዓመታት በበቅሎ ጀርባ ተጓዘ።