አገር ስጠኝ፦ የአዲስ ገቢ ተማሪ አቀባበል ታሪክ ከሄርማታ አንጻር

«አዲስ ተማሪ ጊቢ ሲገባ ምን ይደረግለታል?» ብሎ መጠየቅና «ምን ይደረግበታል?» ብሎ መጠየቅ በጽሑፍ የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው። በኑሮ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንደኛው ተማሪ ወዳጅ ያገኛል፣ ሌላው ቂም ይይዛል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም መንገዶች ከየት እንደመጡ በአጭሩ ማሳየት፣ ከዚያም እኛ በምንኖርባት፣ በሄርማታ ገበያ ዙሪያ በተቆረቆረችው በጅማ የትኛው መንገድ ሥር እንዳለው መመርመር ነው።

በመጀመሪያ «የሚደረግበትን» እንይ። ነገሩ የኛ ፈጠራ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢውን «ቢጫ መንቁር» ይሉት ነበር። ገና ከቅርፊቱ የወጣ ጫጩት ነህ ማለታቸው ነው። ነባሮቹ ያፌዙበታል፣ በራሱ ገንዘብ ግብዣ ያስደግሱታል። ነገሩ እየከፋ ቢሄድ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በ14ኛው መቶ ዓመት ከአዲስ ገቢ ገንዘብ መቀበልን በደንብ እስከ መከልከል ደረሰ። በኛም አገር «ፍሬሽ» የሚለው ቃል ረጅም ዕድሜ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የፍሬሽማን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ሲጠፋ ግን ቃሉ አልጠፋም፤ ቀልዱም አብሮት ኖረ። ፍሬሹን ቤተ መጻሕፍት የት ነው ሲል ወደ ወጥ ቤት መላክ፣ ኮት ለብሶ መምህር መስሎ ገብቶ «ፈተና» መፈተን፣ ወንበር ላይ አቁሞ ማዘፈን፣ ይኸ ሁሉ በየጊቢው የሚነገር ነው።

የነባሮቹ መከራከሪያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጨዋታ እኮ ነው! እኛም ተደርጎብናል።» ለዚህም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ አይጠፋም። እስቲ ተረቱን ራሱን እንመርምረው። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ሁሉም ዱላ ይዟል። ሎሌው ጌታውን ያሯሩጠዋል፣ ሩሩን ይነጥቀዋል፣ ሲያሸንፈውም ይፎክርበታል። እንዳይቆጣ የተነገረው ለበላዩ ነው እንጂ ለበታቹ አይደለም። በፍሬሽ ላይ የሚደረገው ግን ተገላቢጦሹ ነው፦ ዱላው በአንድ ወገን እጅ ብቻ ሆኖ፣ አትቆጣ የሚባለው ባዶ እጁን የቆመው ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን ጨርሶ ሊያሸንፍ የማይችልበት ነገር ጨዋታ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ይዞ መውጣት ነው። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ተማሪዎቹ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በትናንሽ ቡድን ተከፍለው ወደ ተራራና ወደ ጫካ የሚሄዱበት ልማድ አለው። ለቀናት በእግር ይጓዛሉ፣ ደጅ ያድራሉ። ለብዙ ዓመታትም የጉዞው ማብቂያ ሙሲላክ በሚባል ተራራ ሥር ያለ የእንጨት ማረፊያ ቤት ነበር። እዚያ ነባር ተማሪዎች አረንጓዴ ቀለም ያለው የእንቁላል ጥብስ ያበሏቸዋል፣ ጭፈራም ያስተምሯቸዋል። ዘዴው ብልህ ነው። ዝናብ የሁሉንም ጫማ እኩል ያርሳል፤ የማን አባት ሀብታም እንደሆነ ድንኳን ውስጥ አይታይም። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፦ እዚያ የሚወጣበት ሜዳ ሰው የሌለበት ሜዳ ነው። ቡድኑ የሚተዋወቀው ከተራራው ጋር እየታገለ ነው።

በኛ አገር ግን «ውጭ» ሲባል ሁልጊዜ የሰው ደጃፍ አለበት። ከማንኛውም ኮሌጅ በፊት የነበሩትን ሁለት ተማሪዎቻችንን እናስታውስ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ አገር ርቆ ይሄዳል። የመጀመሪያው ትምህርቱ ፊደል ወይም ዜማ ብቻ አይደለም፤ በየደጁ ቆሞ መለመንና ከውሻ ማምለጥም ነው። አዲሱ ልጅ ከነባሮቹ ጋር ይወጣል፣ ያገኙትን አምጥተው አብረው ይበላሉ። በወሎም ሆነ በዚህ በጅማ ምድር ደረሳው እንዲሁ ኪታቡን ይዞ ከሸኹ ዘንድ ይቀመጣል፣ የመንደሩ ሰውም ያበላዋል። ሁለቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ተማሪዎቹ ሁሉ እኩል እንግዶች ናቸው። ነባሩም ቢሆን በገበሬው ደጃፍ ላይ ያው ለማኝ ነው። እንግድነት የሲኒየርና የፍሬሽን ልዩነት ይሽረዋል።

ሄርማታ ደግሞ እንግዳን የማታውቅ ቦታ ሆና አታውቅም። ዳግማዊ አባ ጅፋር (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ተራራ ላይ ሲሆን፣ ገበያው ግን ከታች ሄርማታ ላይ ነበር። ከከፋ፣ ከጎጃምና ከሸዋ የመጣ ነጋዴ ይገናኝበት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጅማን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ፣ ገበያው በበጋ በደህና ቀን እስከ 30,000 ሰው ይስብ እንደነበር ጽፏል። በገጠሩም ቢሆን ሥራ የጋራ ነው፦ ገበሬው ዳቦ ይጠራል፣ ዳዶ ይገባል። በአማርኛ ደቦና ወንፈል የምንላቸው ማለት ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ።

የዘመናዊው ትምህርት ታሪክም በጅማ ከእርሻ ጋር የተያያዘ ነው። በ1945 ዓ.ም. (1952 እ.ኤ.አ.) የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ እርዳታ ተከፈተ። የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎችም ግቢያቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ እዚህ ተምረው በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሐረርጌ ተሻገሩ። እጁ አፈር ያልነካ ተማሪ እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ተማሪን ወደ አገሩ ሕዝብ የማውጣት ነገር ሁለት ጊዜ በአገር ደረጃ ተሞከረ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደረገ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በይፋ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ የታሰበበት ነበር። የዘመቻው ታሪክ የተደባለቀ ነው። ፊደል ተቆጥሮበታል፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞበታል፤ በጅማ አካባቢ ደግሞ በመሬት ጥያቄ ምክንያት የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሥቶበታል። ብዙ ዘማች በግድ ሄዷል፣ ብዙም ጥሎ ሸሽቷል። ቢሆንም በአንድ ቤት አንድ ምጣድ ላይ የተሰለፉ ዘማቾች እስከ እርጅና «የዘመቻ ጓደኛዬ» ሲባባሉ ሰምተናል። ያን ወዳጅነት የወለደው አዋጁ ሳይሆን አብሮ መኖሩ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ከጅማ የወጣ ነው፤ ዛሬም የኛ ጉዳይ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል እንዲሆን አደረገው። ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ይኸው ፍልስፍና አብሮ ተሻገረ። ተማሪው «ሲቢቲፒ» ይለዋል። በቡድን ተከፍሎ ወደ ቀበሌ ይወጣል፣ ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ የመንደሩን ካርታ ይሥላል፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ከዚያ ችግሮቹን በቅደም ተከተል አውጥቶ ከነዋሪው ጋር ይመክራል። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪውና የፋርማሲው ተማሪ እንደ አጋሮ፣ ሸቤና አሰንዳቦ ባሉ የቡና ከተሞች ባሉት ጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ።

ይህ በመምህራን ወረቀት ላይ ትምህርት ነው። በተማሪ ቋንቋ ግን ከዚህ የበለጠ ማስተዋወቂያ የለም። ከባሌ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ከመጣው ጋር ጥንድ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል፤ በማግሥቱ የሚጽፈው ልጅ «አከም» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ጭቃው ሁለቱንም ያዳልጣቸዋል። እናት «ኑ፣ ቡና ጠጡ» ሲሉ አቦሉን ቀምሰው ሊነሡ አይችሉም፤ እስከ በረካ መቀመጥ ግድ ነው። ዕድል የቀናቸው ቡድኖች ቡና ቀላ ቀርቦላቸው፣ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ እንደሚበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያሉ። በዚያች ሰዓት ሲኒየር የለም፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ የሚጠብቅ እንግዳ ነው።

ማታስ? ማታ መብራት ሲጠፋ ወደ ጨዋታ ይኬዳል፤ ከጨዋታዎች ሁሉ ደግሞ የሚያዋጣው እንቆቅልሽ ነው። በአማርኛ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» እንላለን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሂቦ ይለዋል። የሚገርመው ሕጉ ነው፦ በሁለቱም ቋንቋ መልሱ የጠፋው ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል! «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተሸናፊው «ጎንደርን ሰጠሁህ» ወይም «ሊሙን ሰጠሁህ» ይላል። አሸናፊው ያልወደደውን አገር አልቀበልም ማለት ይችላል። አሁን ይህን ጨዋታ ከስምንትና ከአሥር አካባቢ በተሰበሰቡ ልጆች መካከል አስቡት። አንዱ የሌላውን የትውልድ ቦታ ስም ይማራል፣ ይጠይቃል፣ «እሱን አልሰጥም፣ እናቴ ያለችበት ነው!» ይላል። አገር በሣቅ ይሰጣል፣ በሣቅ ይመለሳል። ጠያቂነትም በየተራ ነው፤ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ይጠይቃል።

ለምን ይህን ያህል ደከምንበት? ምክንያቱም አገር መስጠትና መንሣት በጊቢዎቻችን የጨዋታ ነገር ብቻ ሆኖ ስላልቆየ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በብሔር ግጭት ሞቱ። ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየወላጆቻቸው ተመለሱ። በዚያ ወራት አንድ ዶርም ውስጥ የተኙ ልጆች እርስ በርሳቸው ተፈራሩ። ጎንደር ላይ በዚያው ዘመን የታሰበው መፍትሔ የሚያስደንቅ ነበር፦ የከተማው ነዋሪ አዲስ ገቢውን ተማሪ እንደ ልጁ የሚቀበልበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ። እነሆ የድሮው የቆሎ ተማሪና የደረሳው ጥበብ፤ ተማሪን የሚያስማማው ሦስተኛ ሰው ነው፣ በሩን የሚከፍተው ባለቤት።

ስለዚህ ለነባር ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሲቢቲፒ እስኪደርስ አንጠብቅ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲስ ገቢዎቹን ይዘን ወደ ጅሬን በእግር እንውጣ። ጥንዶቹ በዕጣ ይውጡ እንጂ በአገር ልጅነት አይሁኑ። ዳቦውንና ውሃውን ነባሩ ይሸከም። በሐሙስ ገበያ ሄርማታ ላይ እያንዳንዱ ጥንድ አንዳቸው በማይናገሩት ቋንቋ ዋጋ ተከራክረው አንድ ነገር ገዝተው ይምጡ። ማታ እንቆቅልሽና ሂቦ እንጫወት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ፍሬሹ ይሁን። ነባሩ መልሱ ከጠፋው ደግሞ ሳያቅማማ አገሩን ይስጥ።