ራስን መግዛት ከቅኔ ቤት እስከ ኮሌጅ

«የዛሬ ተማሪ ራሱን አይገዛም» የሚለው ስሞታ መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚሰማ ነው። ስሞታው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ትጋትና ራስን መግዛት ከተማሪው ልብ ብቻ የሚመነጩ ሳይሆኑ፣ መምህሩና ትምህርት ቤቱ ካቆሙለት ሥርዓት ጋራ አብረው የሚያድጉ ወይም አብረው የሚደክሙ መሆናቸውን የራሳችን የትምህርት ታሪክ ያስረዳል።

በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ቤቶች የተማረው የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት የወጣው ብዙ ጊዜ ተልኮ ሳይሆን ጠፍቶ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ ከውሻም ጋራ ይታገላል። ደመወዝ የለው፣ ስሙ የሚጠራበት መዝገብ የለው። ልሂድ ቢል የሚከለክለው አልነበረም፤ ከወንዝ ማዶ የተሻለ የኔታ አለ ሲባል የሰማ እንደ ሆነ አኩፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል። ታዲያ ይህን ያህል ነጻ የሆነ ልጅ እየራበው ለዓመታት ተቀምጦ የተማረው ምን ይዞት ነው?

ሃይማኖት ነው ብሎ መመለስ ይቻላል፤ እውነትም ነው። የመሪጌትነትም ተስፋ አለበት። የዕለቱን አሠራር ስንመለከት ግን ሌላም ነገር እናገኛለን። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ያን ሲችል ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይሸጋገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ስለዚህ የሚቀጥለው ደረጃ ሁልጊዜ ከዐይኑ ፊት ነው፤ ከዐቅሙም እጅግ አይርቅም። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። በዚያ ሰዓት የሚጠብቀው ሰው የለም። ቢሆንም ያንኑ ዕለት ቅኔውን ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ መንገሩ እንደማይቀር ያውቃል። ባዶውን የመጣ ያፍራል፤ ያማረለት ወዲያው ይመሰገናል። የኔታም ራሳቸው በተማሪዎቻቸው ፊት አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉና፣ የሚያዝዙትን ሥራ ሲሠሩ ይታያሉ። በእኔ አስተያየት ከአርጩሜው ይልቅ ተማሪውን የያዘው ይህ ነው።

ይህን ማለቴ ቅኔ ቤቱን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ረኀቡና በሽታው ብዙውን ከመንገድ አስቀርቶታል። ሴቶችም ከዚያ ደጅ የደረሱት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ የዐይነ ሥውሯ የቅኔ መምህር የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም ጎልቶ የሚነሣው ስለ ዕውቀታቸው ብቻ ሳይሆን እንደርሳቸው ያሉት ስላነሱም ጭምር ነው።

ስለ ራስ መግዛት የውጭ አገር ሊቃውንትም ብዙ መርምረዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዎልተር ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የትሪኒዳድ ጥናቱ፣ ሕፃናት ዛሬ ትንሽ ከረሜላ ከመቀበልና ለሚመጣው ሳምንት ትልቅ ከመጠበቅ የትኛውን እንደሚመርጡ ጠየቀ። ኋላም በአሜሪካ በስታንፎርድ ባደረገው ተመሳሳይ ሥራ፣ ብዙ የታገሡት ከጣፋጩ ላይ ዐይናቸውንና ሐሳባቸውን ያነሡት መሆናቸውን አሳየ። የሕፃንነት ትዕግሥት የወደፊቱን ዕድል ይናገራል የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ ገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ ሕፃናትን የተመለከተ ጥናት ግን ግንኙነቱ ከተባለው እጅግ ያነሰ መሆኑን፣ የቤተ ሰብም ኑሮ ሲታሰብ ይበልጥ እንደሚቀንስ ገለጸ። ለመምህር ከሁሉ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2013 በ28 ሕፃናት ላይ የተደረገው ነው። ቃሉን የጠበቀ ሰው ያስታገሣቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ቈዩ፤ አስቀድሞ ቃሉን ያጠፈ ሰው ያስታገሣቸው ግን 3 ደቂቃ ብቻ። ቃል የታጠፈበት ልጅ መቸኰሉ እንግዲህ ስንፍና ይባላልን?

ቅኔ ቤትና ዘመናዊው ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ሕይወት የተገናኙበት ጊዜም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተዋል። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት ደግሞ ተማሪው የሚመራው በደወል፣ በፈተናና በማርክ ሆነ። ያ ሁሉ ጥብቅ ሥርዓት ሸክም ሳይመስለው የተቀበለው፣ ዲፕሎማውን ሲይዝ የመንግሥት ሥራ እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው፤ ተስፋውም ይፈጸም ነበር። ዛሬ ምሩቁ በዝቶ ሥራው ባነሰበት ዘመን ያንኑ ደወል እየደወልን ያንኑ ትጋት መጠበቃችን አስቸጋሪ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነገሩን በሌላ መልክ አሳየ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየተላከ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስተምር ነበር። ትናንት ደወል ይጠብቅ የነበረው ወጣት፣ ከኮሌጁ ርቆ፣ የሌሎች ሰዓት ጠባቂ ሆነ። ያን ዓመት የተማረውን ያህል በምን ፈተና ሊመዘን እንደሚቻል አላውቅም።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ የጻፈው ድርሰት ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሳምንታት ሰንብቶ፣ አንድ ቃል ሳይጻፍበት፣ ቍጥር ብቻ ተሸክሞ ይመለሳል። በቅኔ ቤት የተሳሳተችው ቃል የምትታረመው በዚያው ዕለት ነበር።