የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ በኢትዮጵያ

የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ተጓዡ ልብሱን፣ ምግቡን፣ ውሃውንና የመጠገኛ መሣሪያውን በብስክሌቱ ላይ ጭኖ ለብዙ ቀናት ወይም ወራት የሚጓዝበት የጉዞ ዓይነት ነው። ቀድሞ መግባት ዓላማው ስላልሆነ ከብስክሌት ውድድር ይለያል። በኢትዮጵያ የጉዞውን ክብደት ከርቀቱ ይበልጥ የሚወስኑት ዳገቱ፣ የመንገዱ ዓይነትና ውሃ የሚገኝበት ቦታ ናቸው።

ታሪክ

በእንግሊዝ የተወለደው ቶማስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ በሆነ ብስክሌት ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ካስመዘገበ በኋላ በሸካራ መንገድ መጓዝ እየቀለለ ሄደ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1963 ከአውሮፓ እስከ ሕንድ በብስክሌት ተጉዛለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን የሰሜኑን ደጋ ያቋረጠችው በቅሎ ይዛ በእግሯ ነበር፤ ስለዚህ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ በ1968 ታትሟል።

ኢትዮጵያ በብስክሌት ውድድር ረጅም ታሪክ አላት። በ1956 የሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የካይሮ–ኬፕታውን መስመር

በኢትዮጵያ የሚያልፈው ታዋቂው ረጅም መስመር ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው ሲሆን ከ10,000 ኪ.ሜ. በላይ ይሆናል። ከሱዳን በመተማ ገብቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አድርጎ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይወጣል። በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የቡድን ጉዞ ይህንን መስመር በ4 ወር ገደማ ያጠናቅቅ ነበር። ስኮትላንዳዊው ማርክ ቦሞንት በ2015 በ42 ቀናት ገደማ ጨርሶታል።

በዚህ መስመር ከሚታወቁት ዳገቶች አንዱ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ነው። ተጓዡ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነትና በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የመስመሩን ሰሜናዊ ክፍል ለተጓዦች አደገኛ አድርገውታል።

የምሥራቁ መስመር

ይህ መስመር ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ 7 ኪሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከዚያ በሜኤሶ በኩል ወደ ጭሮ ወጥቶ በሂርናና በቁልቢ የሐረርጌን ደጋ ተከትሎ ደንገጎ ይደርሳል። የቁልቢ ገብርኤል በዓል በሚከበርባቸው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ዋዜማ መንገዱ በተሳላሚዎችና በመኪና ይጨናነቃል። መንገዱ ደንገጎ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፣ ሌላው እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል።

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት ለዕለት መጓጓዣነት ያገለግልባታል። ከከተማዋ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። ፓርኩ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ወደ ፓርኩና ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች በዚህ አካባቢ ብስክሌተኛው ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡ ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው።

ከድሬዳዋ እስከ ድንበሩ ከተማ ደወሌ ያለው አስፋልት 220 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን በ2019 ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል። መንገዱ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ ያልፋል። መንገዱ ጥሩ ቢሆንም አካባቢው ሞቃትና ደረቅ ነው፤ በከተሞቹ መካከልም ጥላና ውሃ እንደልብ አይገኝም።

ዳገትና ክብደት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደንገጎ ከእርሷ ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ተጓዡ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድ ላይ 110 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 800 ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት 110 × 9.8 × 800 ሲሆን 862,400 ጁል ይሆናል። በአማካይ 100 ዋት የሚያመነጭ ሰው ይህንን ለመጨረስ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ጭነቱ በ20 ኪሎ ቢቀንስ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይወርዳል። ስሌቱ የአየርንና የመንገዱን ግጭት ስለማይጨምር በተግባር ጊዜው ከዚህ ይረዝማል።

ለብስክሌቱ የሚያስፈልገው

ለፒስታና ለኮረኮንች መንገድ ከ45 እስከ 57 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይመረጣል። ሰፊ ጎማ በትንሽ አየር ስለሚሠራ የድንጋዩን ምት ይቀንሳል። ለዳገት ቀላል ማርሽ ያስፈልጋል። የጎማው ባልቦላ እንደ መኪና ጎማ ባልቦላ ዓይነት ከሆነ በየከተማው ያለ ጎሚስታ ሊነፋው ይችላል። ቀጭኑ ባልቦላ ግን ማገናኛ ይፈልጋል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ የፍሬን ጎማና የሰንሰለት መፍቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

በቆላ መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ሰው በቀን 8 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ሊያስፈልገው ስለሚችል የሚቀጥለው ውሃ የት እንዳለ ከመነሳቱ በፊት ያጣራል። ማለዳ ተነስቶ በቀትር ማረፍ የተለመደ ነው። ለምሥራቁ ቆላ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሌላው ወቅት ይቀዘቅዛል።

ብስክሌተኞች በኢትዮጵያ መንገዶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች አንዱ ልጆች የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ፍጥነትን ቀንሶ ቀድሞ ሰላምታ መስጠትና በአቅራቢያ ያሉ አዋቂዎችን ማነጋገር ብዙ ጊዜ ይረዳል። ለልጆች ከረሜላ ወይም ገንዘብ መስጠት ግን ቀጥሎ የሚመጣው ብስክሌተኛ ሁሉ እየተሮጠ እንዲጠየቅ ያደርጋል። በሌሊት መጓዝ አይመከርም፤ ከብቶችና ያለ መብራት የቆሙ መኪኖች በጨለማ አይታዩም። የጸጥታ ሁኔታ ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ ከመንገዱ በሚመጡ ሾፌሮችና በየከተማው ፖሊስ ዘንድ በየዕለቱ ማጣራት ያስፈልጋል።