ቢጫው የዮሐንስ ቅጠል

በሰኔ ወር ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በባቡር የሚጓዝ ሰው፣ በሐዲዱ ዳርና ዳር ባለው ጠጠር መካከል፣ በእርሻ ድንበርና ማንም ባላረሰው መሬት ላይ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቢጫ አበባ በብዛት ያያል። የዘራው የለም፤ የሚያጠጣውም የለም። አገዳው በበረዶው ወራት ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች ሰንብቶ በየዓመቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ቀንጥሶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ለሚመለከተው በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል። ነጠብጣቦቹ ግን ቀዳዳዎች ሳይሆኑ ዘይት የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። ያልፈነዳውን እንቡጥ በጣት ቢያሹት ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል። ሊቃውንቱ ሃይፐሪኩም ፐርፎራቱም ይሉታል። ዙሪክ በጀርመንኛ «ዮሐኒስክራውት»፣ የዮሐንስ ቅጠል፣ ብላ ስትጠራው ጄኔቫ በፈረንሳይኛ «ሚልፐርትዊ»፣ ሺህ ቀዳዳ፣ ትለዋለች።

ዮሐንስ የተባለው መጥምቁ ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች ልደቱን ጁን 24 ቀን ያከብራሉ፤ አበባውም የሚፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው። የገጠሩ ሕዝብ በዋዜማው እሳት እያነደደ፣ የተቆረጠውን አበባ በበሩና በመስኮቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ መብረቅንና ክፉ መንፈስን ይመልሳል ተብሎ ይታመናልና። የመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች በላቲን «የአጋንንት ማባረሪያ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቀዩ ፈሳሽ ደግሞ አንገቱ የተቀላው የዮሐንስ ደም ነው ይባል ነበር። የመቀላቱ መታሰቢያ ኦገስት 29 ቀን ይውላል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። እኛም መስከረም 1ን «ቅዱስ ዮሐንስ» እንላለን፤ እኛም ያን ዕለት ቢጫ አበባ እንይዛለን። በጥንቱ በዩልዮስ ቀን አቆጣጠር ኦገስት 29 የሚውለው በእኛ መስከረም 1 ላይ ነው። እንግዲህ የዙሪክ ገበሬ የዮሐንስን ደም የሚያስብበት ቀንና የጎንደር ልጆች አበባ ይዘው የሚዞሩበት ቀን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። አበቦቹ ግን አይዛመዱም። አደይ አበባ በዘሩ የሚተካ፣ ወቅቱን ጠብቆ የሚያልፍ ተክል ነው፤ ከዮሐንስ ቅጠል ጋር ያገናኘው ቢጫነቱና ቅዱሱ ብቻ ነው። የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ተሐድሶ በዝዊንግሊ ዙሪክና በካልቪን ጄኔቫ የቅዱሳንን በዓላት ከሻረ በኋላ እንኳ ቅዱሱ በዙሪክ ከተክሉ ስም አልወጣም። (ጄኔቫ «ሺህ ቀዳዳ» ማለቷን የካልቪን ሥራ አድርጎ የሚተረጉም ቢኖር ይሳሳታል፤ ፈረንሳዮቹም የሚጠሩት እንዲሁ ነው።)

አጠቃቀሙ ቀላል ነበር። አበባው በወይራ ዘይት ተዘፍዝፎ፣ በጠርሙስ ሆኖ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ዘይቱ ሲቀላ ለቃጠሎ፣ ለቁስልና ለወገብ ሕመም ይቀባል። የደረቀው ደግሞ እንደ ሻይ ተፈልቶ ለተከዘና እንቅልፍ ለራቀው ይሰጣል። ከዙሪክ ብዙም በማይርቀው በአይንዚድልን የተወለደው ፓራሴልሱስ ይህን ተክል ከሁሉ አብልጦ አወድሶታል። ለእርሱ ቅጠሉ የተበሳሳ መምሰሉ የተወጋ ሥጋን ለማዳን የተሰጠ ምልክት ነበር፤ አእምሮን የሚያውኩ ምትሐቶችንም ያባርራል ይል ነበር።

የዙሪኩ ተወላጅ ኮንራድ ጌስነር (1516–1565) በምልክት ብቻ የሚረካ ሰው አልነበረም። የከተማው ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ዕፅዋትን ከነአበባቸው፣ ከነዘራቸውና ከነሥራቸው ያሥል፣ ያስሥልም ነበር። 1,500 ያህል ሥዕሎች ቢሰበስብም መጽሐፉን ሳይፈጽም ወረርሽኝ ቀጠፈው። ዶሮኒኩም የተባለውን ሌላ ባለ ቢጫ አበባ የተራራ ተክል ጣልያናዊው ሐኪም ማቲዮሊ መርዝ ነው ባለ ጊዜ፣ ጌስነር ሥሩን ራሱ በልቶ በሰውነቱ ላይ የተሰማውን ለወዳጆቹ በደብዳቤ ገለጸ። ያልቀመሱትን አለመመስከር ነበር ደንቡ። ዛሬ በዙሪክ አሮጌው የዕፅዋት ሥፍራ ጉብታ ላይ በእርሱ ዘመን ይታወቁ የነበሩ የመድኃኒት ዕፅዋት በስሙ በተሰየመ መደብ ይበቅላሉ።

ጄኔቫ የጨመረችው ዝምድናን ነው። ኦጉስታን ፒራም ደ ካንዶል በ1804 ባሳተመው ጥናት በአካላቸው የሚመሳሰሉ ዕፅዋት በመድኃኒትነታቸውም ይመሳሰላሉ የሚለውን ሐሳብ በሰፊው መረመረ። ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶም በ1817 የጄኔቫን የዕፅዋት ሥፍራ መሠረተ። የእርሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ዣክ ዴኒ ሾይዚ፣ ቄስም የዕፅዋት ሊቅም፣ በ1821 የዮሐንስ ቅጠልን ቤተሰብ በሙሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ በዚያችው ከተማ አወጣ።

ከዚህ ቤተሰብ የሆኑት በእኛም ተራሮች ላይ ይበቅላሉ። አሜጃ የምንለው፣ በሰሜንና በባሌ ከፍታዎች የሚገኘው ባለ ደማቅ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ፣ የዮሐንስ ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኦሮሞዎች ጋራምባ ይሉታል። በደጋው ሣር መካከል የሚድኸው ትንሹ ዓይነት ደግሞ ልክ እንደ አውሮፓው ከዓመት ዓመት የሚኖር ነው። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በትግራይ ኖሮ፣ በ1878 በዐድዋ የሞተው ጀርመናዊው ሺምፐር የአገራችንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሯል፤ ከላካቸውም ጄኔቫ ደርሰዋል። የጄኔቫ ደረቅ ዕፅዋት ስብስብ ዛሬ ስድስት ሚሊዮን ያህል ናሙናዎች አሉት። ከመንግሥታቱ ድርጅት ሕንፃ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ ባዶ እጃቸውን ተሰደው ከመጡት ኢትዮጵያውያን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህ ናቸው።

ተክሉ ሄደ፤ እውቀቱስ? የእኛም ሊቃውንት ጽፈዋል። «ዕፀ ደብዳቤ» በሚባሉት የደብተሮች መጻሕፍት የትኛው ሥር ከየትኛው ቅጠል ጋር ለየትኛው ደዌ እንደሚሆን ተመዝግቧል። የፖላንዱ ተወላጅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን በ1968 አሳትሟል። ነገር ግን የብራናው ዕውቀት የተሠራው ለመምህርና ለደቀ መዝሙር ነበር። የሚነቀልበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ የሚለው ሥርዐት፣ ጥላ እንዳያርፍበት የሚደረገው ጥንቃቄ በጽሑፍ ሲገኝ፣ ተክሉን ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል ግን የለም። ስሙን የሚያውቀው ሰው ሲሞት ስሙ ከየትኛው ቅጠል ጋር እንደሚሄድ የሚያውቅ ይጠፋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዙሪክ ያነስነው በጥበብ ሳይሆን በሥዕል ነው።

መድኃኒትን መፍራትንስ ከማንም ተምረን አናውቅም። ኮሶ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ጠይቆ፣ ጾሞ አድሮ፣ ያን ቀን ከቤት ሳይወጣ ነው የሚጠጣው። የበረታ መድኃኒት የሚበረታው በበሽታው ላይ ብቻ እንዳልሆነ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ስዊሶቹ ግን የዮሐንስን ቅጠል እንደ ሻይ ስለ ለመዱት እንደ ለስላሳ ነገር ቆጠሩት። ቅጠሉ በሃያኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለቀላል ድብርት በእንክብል መልክ እየተዘጋጀ በየፋርማሲው ይሸጥ ጀመር። ጥናቶችም ለቀላሉና ለመካከለኛው ድብርት እንደሚረዳ አሳይተዋል።

በፌብሩዋሪ 2000 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ስለ ሁለት ሰዎች ጻፉ። ሁለቱም የሌላ ሰው ልብ የተተከለላቸው ነበሩ፤ ሰውነታቸው ልቡን እንዳይጠላው ሲክሎስፖሪን ይወስዳሉ። ሁለቱም የዮሐንስን ቅጠል እንክብል መዋጥ ጀመሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደማቸው ያለው የሲክሎስፖሪን መጠን ወረደ፤ ሰውነታቸውም አዲሱን ልብ መግፋት ጀመረ። እንክብሉ ሲቆም መጠኑ ተመለሰ። በዚያው እትም የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቅጠሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ኢንዲናቪርን ከደም እንደሚቀንስ አሳየ። ምክንያቱ ሃይፐርፎሪን የተባለው የቅጠሉ ንጥረ ነገር ነው፤ ጉበትን ያነቃቃዋል፣ ጉበቱም የሌላውን መድኃኒት ከልኩ በላይ አፍጥኖ ያጠፋዋል። የወሊድ መከላከያ እንክብልና ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ከዚህ አያመልጡም።

መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅትም ተመርጠው በተጠኑ የመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለተኛ ጥራዝ የዮሐንስን ቅጠል አስገብቷል። የስዊዘርላንድ ሕዝብ ደግሞ በሜይ 17 ቀን 2009 ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ 67 በሚሆን ድጋፍ፣ አማራጭ ሕክምና በሕገ መንግሥቱ እንዲታሰብ አደረገ። ከዙሪኩ ማስጠንቀቂያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ቅጠሉን አልጣሉትም፤ ከሐኪሙ ፊት አቀረቡት እንጂ።

በእነዚህ ከተሞች የምንኖር ስደተኞች ሻንጣ ከአገር ቤት ሲመጣ ከበርበሬው ጎን በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አይጠፋበትም። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ግን ስለ እንክብሉ እንመልሳለን፤ ስለ ወረቀቱ ዝም እንላለን። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዷ እናት ቅጠል መድኃኒት መሆኑን እንኳ አታስበውም፣ ምግቧ ነውና። የደም ግፊት፣ የስኳርና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙዎች ባሉበት ማኅበረሰብ ይህ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ ቢነገረውም «ዳማ ከሴ» የሚለውን ስም ከየትኛውም መዝገብ አያገኘውም። ስለዚህ ደ ካንዶልና ተከታዮቹ በሚጠቀሙበት ስም ጽፎ ማቅረብ ይጠቅማል፦ ጤና አዳም ሩታ ካሌፔንሲስ ነው፤ ዳማ ከሴ ኦሲሙም ላሚፎሊዩም፤ ኮሶ ሃጌንያ አቢሲኒካ፤ እንቆቆ ኤምቤሊያ ሺምፔሪ፣ ዐድዋ በሞተው ሰው ስም የተጠራ፤ አሜጃም ሃይፐሪኩም ሬቮሉቱም።