ከበሩ በላይ የተጻፈው ስም

በእንግሊዝ ገጠር የሚያልፍ መንገደኛ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የተንጠለጠለ ሥዕል ያያል፦ ቀይ አንበሳ፣ ዘውድ፣ የንጉሥ ራስ። ባሕሩን ተሻግሮ አየርላንድ ሲገባ ግን ከበሩ በላይ የሚያነበው የሰው ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም የባለቤቱ ወይም የአያቱ። ሁለቱ ሕዝቦች ከ1801 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. በአንድ ፓርላማ ሥር ኖረዋል፤ ቢራም ሁለቱም ይወዳሉ። መጠጥ ቤቶቻቸው የተለያየ ጠባይ ያወጡት ከመጠጡ ይልቅ ቤቱ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

በእንግሊዝ የ1830ው የቢራ ሕግ ሁለት ጊኒ የከፈለ ግብር ከፋይ ሁሉ በቤቱ ቢራ እንዲሸጥ ፈቀደ። ወዲያው በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተከፈቱ። በ1869 ፈቃዱ መልሶ ሲጠብቅ ግን ቤቶቹ ተፈላጊ ሆኑ፤ ቢራ ጠማቂዎችም እየገዙ ሰበሰቧቸው። መጠጥ ሻጩ የጠማቂው ጭሰኛ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ኪራይ ይከፍላል፣ ቢራውንም ከዚያው ከባለንብረቱ፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ ይገዛል። በ1989 መንግሥት ከ2,000 በላይ ቤት የያዙ ጠማቂዎች ይዞታቸውን እንዲያላሉ ቢያስገድድም፣ አብዛኛው ቤት የገባው በተከራዩ እጅ ሳይሆን በአዳዲስ የመጠጥ ቤት ኩባንያዎች እጅ ነበር። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ተከራይ ከቢራ ግዴታው ተላቅቆ የገበያውን ኪራይ ብቻ ለመክፈል የሚጠይቅበት ደንብ በእንግሊዝና በዌልስ ሥራ ላይ የዋለው ገና በ2016 ነው።

በአየርላንድ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። አርተር ጊነስ በ1759 የደብሊኑን ቦታ ለ9,000 ዓመት፣ በዓመት 45 ፓውንድ ተከራየ፤ ድርጅቱም ከዓለም ታላላቅ ጠማቂዎች አንዱ ሆነ። ሆኖም መጠጥ ቤቶችን ገዝቶ የመሰብሰብ ልማድ አልነበረውም። ጥቁሩን ቢራ በበርሜል ይሸጣል፤ ብዙው ባለመጠጥ ቤትም ራሱ በጠርሙስ እየሞላ የገዛ ስሙን ይለጥፍበት ነበር። የ1902ው ሕግ አዲስ ፈቃድ መስጠትን ከሞላ ጎደል ሲዘጋ፣ ያለው ፈቃድ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ርስት ሆነ። በገጠር ከተሞች ደግሞ ቤቱ መጠጥ ብቻ አይሸጥም። ከፊት ሻይ፣ ስኳርና ምስማር፤ ከኋላ ቢራና ውስኪ። አንዳንዱ ቀብርም ያስፈጽማል። («ግሮሰሪ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከሸቀጥ ወደ መለኪያ መሻገሩን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም።)

መንግሥትም ሁለቱን የተቆጣጠረው በየፈርጁ ነበር። በ1915 የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛው ስካር ያሳሰበው የብሪታንያ መንግሥት በብዙ አካባቢዎች ለጓደኛ መጠጥ መጋበዝን ከለከለ፤ በ1916 የካርላይል ከተማን መጠጥ ቤቶች ራሱ ገዝቶ እስከ 1973 አስተዳደረ። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ግን በስቅለት ዓርብ መጠጥ ቤቱን ያዘጋ የነበረው የ1927 ሕግ የተነሣው በ2018 ነው።

ርስት ደግሞ ወራሽ ይፈልጋል። ከ2005 ወዲህ በአየርላንድ ወደ 2,000 የሚጠጉ መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፣ ወይም ያን ያህል ሰዓት መቆም አይሹም። ከ2000 ሕግ በኋላ የገጠሩ ፈቃድ ተሸጦ በሌላ አውራጃ ለሚከፈት ሱፐርማርኬት ሊያገለግል ይችላል። በተቆለፈው በር ላይ ያለውን ስም ግን የሚገዛው የለም።