ተመላሹና ቤቱ፦ በድሬዳዋ የፍልሰት መስመር ላይ የአእምሮ ጤና ድጋፍ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ ከጅቡቲ፣ ከየመንና ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰው በድሬዳዋ ለሚያልፉ ወይም በዚያው ለሚቀሩ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ድጋፍ ይመለከታል። የተመላሹ ሕመም ከቤተሰቡ ዕዳና ሐዘን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ድጋፉ ግለሰቡን ለብቻው ሳይነጥል ከነቤቱ ሊያየው ይገባል ሲል ይከራከራል።

መስመሩና ከተማዋ

ድሬዳዋን የቆረቆራት እ.አ.አ. በ1902 የደረሰላት የጅቡቲ ባቡር ነው። ሐዲዱ ንግድንም መንገደኛንም አመጣላት። ዛሬ ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከጅማ ተነሥቶ ባሕር ለመሻገር የቆረጠ ወጣት በደላላ እየተመራ ከሚያልፍባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከደወሌ ወዲያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ ወዲያ የመን፣ ቀጥሎም የሳዑዲ ድንበር አለ።

የመስመሩ አደጋ በሰነድ ተይዟል። ሂዩማን ራይትስ ዋች እ.አ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል ከስሷል፤ ሳዑዲ ክሱን አስተባብላለች። መመለሱም ቢሆን ከመሄዱ አይቀልም። እ.አ.አ. በሚያዝያ 2024 ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ በጎዶሪያ አቅራቢያ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

የተመላሹ ቁጥርም ጥቂት አይደለም። እ.አ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ሰዎች ከሳዑዲ ተባርረው መጥተዋል። እ.አ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በየብስ ከጅቡቲ የተመለሱ ፍልሰተኞች በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ገብተው ነበር።

ጥናቱ ምን አሳየ?

ካሳሁን ሀብታሙ፣ አበባው ምናዬና ዋጋነሽ ዘለቀ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ በተመለሱ ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትና እ.አ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ከተጠያቂዎቹ 27.6 በመቶ የሚሆኑት የተለመዱ የአእምሮ ጤና እክሎች ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። ይህን መሰል እክል ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። የአእምሮ እክል በአካል ሕመም መልክም መታየቱ ለድሬዳዋ ትልቅ ትርጉም አለው፤ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ጤና ጣቢያ የመጣ ተመላሽ ማስታገሻ ተሰጥቶት ሊሸኝ ይችላልና። ከየት እንደ መጣና ምን እንዳሳለፈ ካልተጠየቀ ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራል።

ሕመሙ የአንድ ሰው አይደለም

ብዙ ጊዜ ለጉዞው የሚወጣው ገንዘብ የቤተሰብ ነው፦ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በወለድ አገድ ይያዛል፣ ከዘመድ ብድር ይለቀማል። በየመን ያሉ አጋቾች ደግሞ ወጣቱን እየደበደቡ በስልክ ለወላጆቹ ያሰሙታል፤ ገንዘቡ የሚላከው ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ ግርፋቱን ልጁ በሥጋው፣ እናቱ በጆሮዋ ተቀብለውታል። ልጁ ባዶ እጁን ሲመለስ አበዳሪው ከበር ይጠብቀዋል፤ ኀፍረቱ ከቤት ያርቀዋል። በከተማ ተደብቆ ጫት ላይ መዋልም ሆነ ዳግም ደላላ መፈለግ ከዚህ ጥግ የሚወለድ ነው። ለዚህ ሰው የመተንፈስ ልምምድ ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ የዕዳውን ነገር ከአበዳሪው ጋር የሚያነጋግርለት ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

ያልተመለሰው ወጣት ቤትም ታካሚ ነው። ሞቱ ባልተረጋገጠበት ለቅሶ አይቀመጥም፤ ተስፋም አይቆረጥም። እድርና የሐረር አካባቢው መረዳጃ ማኅበር አፎሻ ሐዘንተኛን የማጽናናት ረጅም ልምድ ቢኖራቸውም፣ ልምዳቸው የተቃኘው ሞቱ ለተረጋገጠ ሰው ነው። ይህን ክፍተት መሙላት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጠፋበትን ቤት በየጊዜው የሚጠይቅ ጎረቤት መመደብ ይቻላል።

ምን ይሠራ?

የአእምሮ ሐኪም በየቀበሌው ማሰማራት በቅርቡ የሚሆን ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2016 ያወጣው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ በአምስት ሳምንታዊ ቆይታዎች የሚሰጠው የችግር አያያዝ የምክር ድጋፍ ግን ለከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሊመጥን ይችላል። በእነርሱ አቅም የማይያዘው፣ በተለይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስበው ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይላክ። አገልግሎቱም ከአማርኛ በተጨማሪ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጥ። ተመላሹ ከድሬዳዋ ወደ አርሲ ወይም ጅማ የሚቀጥል ከሆነ፣ በፈቃዱ ለሚሄድበት ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የሪፈር ወረቀት ይሰጠው።

ቤቱን ማሳተፍ ግን አደጋ አለው። በባዕድ አገር ተደፍራ ልጅ ይዛ የተመለሰች ሴት ቤተሰቧ ሊያገላት፣ አልፎም ሊጎዳት ይችላል። ስለዚህ ማን ይጠራ፣ ምንስ ይነገር የሚለውን የምትወስነው እርሷ ብቻ ናት፤ ሽምግልናው ከፈቃዷ ውጭ አይጀመር። ምስጢሯን መጠበቅ ካልተቻለ የቤተሰብ ስብሰባ ቀርቶ መጠለያ መፈለጉ ይሻላል።

መደምደሚያ

ድጋፉ እስካሁን በአብዛኛው የሚለካው በተቀበላቸውና በሸኛቸው ሰዎች ቁጥር ነው። ቤቱን መነሻ ካደረግን ግን መለኪያው ይለወጣል፦ ከ6 ወር በኋላ ዕዳው መክፈያ ጊዜ ተቆርጦለታል ወይ? ሰውየው ቤቱ ያድራል ወይ? ዳግም ደላላ ፍለጋ ወጥቷል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የማይመልስ ፕሮግራም ሰዎችን ወደ ቀዬአቸው ማጓጓዙን እንጂ ማገገማቸውን ሊያሳይ አይችልም።