የእሾህ አጥር በመተማ፦ ከዘሪባ እስከ ሕያው አጥር

ብዙዎቻችን አጥር የሚታወሰን ከብት ከወጣ ወይም ጅብ ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ አጥር ታሪክ እናንሳ። ታሪኩ ሩቅ አገር የተፈጸመ አይደለም፤ እዚሁ መተማ ነው። ለበረታችንም ትምህርት አለው።

ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች በእሾህ የታጠረን በረት «ዘሪባ» ይሉታል። አሠራሩን እኛም እናውቀዋለን። የግራር ወይም የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይቆረጥና ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራል። ማታ ከብቱ ሲገባ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ ተስቦ በሩ ይዘጋል። ምስማር አይፈልግ፣ ሽቦ አይፈልግ፤ መጥረቢያና ጉልበት ካለ ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሱዳን ውስጥ ነጋዴውም ወታደሩም ይህንኑ የከብት አጥር ለሰፈሩ ምሽግ አደረገው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የገጠሙትም እንዲህ ያለ አጥር ነው። በዘኪ ቱማል የሚመራው የደርቡሽ ጦር ከተማዋን በዘሪባ አጥሮ ውስጡ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን በእሳት አያያዘው፤ ኃይሉንም በአንድ ወገን ላይ አሰባስቦ ሰብሮ ገባ። ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ጦሩም ተመለሰ። የዚያን ቀን ሐዘን ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ነው። ስለ አጥሩ ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ወሩ መጋቢት ነው፤ በቆላችን ሁሉ ነገር የሚደርቅበት ወር። ደረቅ እሾህ ደግሞ ለእሳት ጭድ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አጥሩ ዙሪያውን አልፈረሰም፤ የተሰበረው በአንድ ወገን ነው። ከብትም፣ ጅብም፣ ሌባም የሚፈልገው ያችኑ አንዷን ቀዳዳ ነው።

ከዚህ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ ግሊደን የተባለ የአሜሪካ ገበሬ ለእሾሃማ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ። እዚያም ገበሬው ከዚያ በፊት እሾሃማ ዛፍ እየተከለ ነበር የሚያጥረው። ሽቦው ያንኑ እሾህ በብረት የተካ ነው። ይኸው ሽቦ ደግሞ ዞሮ ዞሮ መተማ ደረሰ። ጣሊያኖች መተማን ይዘው ዙሪያዋን በወፍራም የእሾህ ሽቦ አጠሩ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከማዶ ያለችውን ገላባትን ያዘ። ሽቦውን ይጨፈልቃሉ የተባሉት ታንኮች ግን አብዛኞቹ እዚያው ተሰናከሉ፤ የጣሊያን አውሮፕላንም ደበደበው። መተማን ሳይይዝ ተመለሰ።

እሾሃማ ሽቦ አይቃጠልም፣ ምስጥም አይበላውም። ታዲያ ለምን ሁላችንም በሽቦ አናጥርም? ዋጋው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ እሾህ እንቆርጣለን። ምስጥ ከሥር ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ እኛም እንደገና መጥረቢያ እንይዛለን። ግራሩ እያለቀ በሄደ ቁጥር መንገዱ ይርቃል።

አጥር ተበላሽቶ የሚመጣውን ጠብም ታውቁታላችሁ። ከብት ሌሊት ወጥቶ የጎረቤትን ማሽላ ይበላል፤ የሰሊጥ ሂላ ከጣለ ደግሞ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ከብቱ በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ለጉዳቱ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ይላል። «አላየሁትም» ማለት አያድንም።

እንግዲህ ከታሪኩ ወደ ሥራው እንምጣ።

• ሳሩ መድረቅ ሲጀምር በአጥሩ ዙሪያ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ ቢያንስ አምስት እርምጃ ያህል መንጥሩ። አመድና ፍም ከአጥሩ አጠገብ አትድፉ።

• በሳምንት አንድ ቀን አጥሩን ዙሩት። ዙሪያውን ከማወፈር በፊት የሳሳችውን ቦታና በሩን ጠግኑ። ቋሚውን በእጅ ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ምስጥ ገብቶበታልና ሳይወድቅ ቀይሩት።

• ክረምቱ ሲገባ ከደረቁ አጥር ጎን ቅንጭብ ትከሉ። ቁራጩ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ይጠውልግና ይተከል። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ፣ ልጆችንም አርቁ።

• ቅንጭቡ እስኪጠና ድረስ የእሾሁን አጥር አታፍርሱ። ጥጃ ገብቶ እንዳይረግጠው ይጠብቀዋል።

• እሾህ መቁረጥ ግድ ከሆነ ቅርንጫፉን እንጂ ግንዱን አትቁረጡ። ዛፉ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ለከርሞም ይተርፋል።

ሕያው አጥር አንድ ጊዜ ከያዘ በየዓመቱ ከመቁረጥ ያሳርፋል። እርጥብ ስለሆነም እንደ ደረቅ እሾህ በቀላሉ አይቀጣጠልም። መተማ ላይ የተቃጠለው ደረቁ አጥር ነበር፤ የእናንተ በረት አጥር ደግሞ አረንጓዴ ይሁን።